አንዲት «ዬስ»

ከማስተማር ዘመኔ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። አንዲት «ዬስ» ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ጊዜው የ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ከደብረ ኤልያስ የመጣ፣ አስኳላ ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት የከረመ አንድ ተማሪ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር»ው በዛብህ በእንግሊዝኛ ጽፎ አቀረበልኝ። ጽሑፉ አማረብኝ፤ ከማማሩም የተነሳ ጠረጠርኩት። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ከየት አምጥቶ እንዲህ ይጽፋል? ቢሮ አስጠራሁትና «ዲድንት ዩ ኮፒ ዚስ?» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ፣ ምንም ሳያቅማማ፣ «ዬስ ሰር» አለኝ። አመነልኝ ብዬ ዜሮ ሰጠሁት።

ወራት አለፉ። አንድ ማታ እናቴን «መድኃኒቱን አልወሰድሽም እንዴ?» ብላት «አዎ» አለችኝ። አልወሰድኩም ማለቷ ነው። እኔም ገባኝና ላመጣላት ተነሳሁ። ግማሽ መንገድ ላይ የዚያ ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአማርኛችን «አልገለበጥክም?» የተባለ ንጹሕ ሰው «አዎ» ቢል «አዎ፣ አልገለበጥኩም» ማለቱ ነው። «አዎ» የጠያቂውን ቃል ያጸድቃል። እንግሊዝኛ ደግሞ ለአጠያየቁ ግድ የለውም፤ ድርጊቱ ካልተፈጸመ መልሱ «ኖ» ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ቃል አማርኛ መለሰልኝ። እኔ የአማርኛ ልጅ ሆኜ ሳለ እንደ ፈረንጅ ሰማሁት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገር ግን ሁለታችንንም እዚያ ቢሮ ያገናኘን ረጅም ታሪክ አለ። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ገናናው የባሕር ማዶ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ እንግሊዞች ገቡ፤ ከእነሱም ጋር እንግሊዝኛ ወንበሩን ያዘ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ያስተማረው በእንግሊዝኛ ነው። በ1950ዎቹ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን እንግሊዝኛ ወደ 7ኛ ክፍል ገፋ አለ። የ1986ቱ ፖሊሲ ደግሞ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዶ፣ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት አስገባ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ግን ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። የፕላዝማው መምህር «አልገባችሁም?» ብሎ ቢጠይቅ እንኳ መልሱን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ያስተማርነው ሕጉን ነው፤ ሰዎች ሲነጋገሩ ምን እንደሚባባሉ ግን እምብዛም አላስተማርንም። በሕጉማ የደብረ ኤልያሱን ልጅ ማን ይችለዋል! ሐዲስ ዓለማየሁ አዲስ አበባ ገብተው አስኳላ ከመቀመጣቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው የተማሩት። በዚያ አገር ተማሪ «ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ» እያለ ስምንቱን የግስ አርእስት ያወርዳል፤ ግሱን ከነእርባታው ያውቀዋል። ሰሙን ከወርቁ መለየትም ለእሱ የየዕለት ሥራው ነው።

የሚያደናግረው ሌላ ነው። በቅኔ ሰሙም ወርቁም በሕይወት አሉ። በየዕለቱ የእንግሊዝኛ ንግግር ግን ሰሙ ሞቶ ቅርፊቱ ብቻ የቀረባቸው አባባሎች ሞልተዋል። «ሀው ዱ ዩ ዱ?» ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ማንም መልስ አይጠብቅበትም፤ አጸፋው ያው ራሱ «ሀው ዱ ዩ ዱ» ነው። የቅኔው ልጅ ቃሉን ፈትቶ «ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ» ቢል ምኑ ያስቃል? እኛስ ብንሆን! ተነስቶ የሚወጣ ሰው «መጣሁ» ይላል። ሊሄድ ነው፤ ደግሞም ገና አልተመለሰም። በ1955 ዓ.ም. ለማስተማር የመጡት የሰላም ጓድ አሜሪካውያን በዚህች «መጣሁ» ሳይደናገሩ የቀሩ አይመስለኝም። በእነሱ አማርኛ ስንስቅ በፍቅር ነበር። በገጠር ልጅ እንግሊዝኛ ስንስቅ ግን አፉን እናዘጋዋለን፤ ያም ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ያለው ለዚህ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ውጤቱም ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ እስከለቀቅሁበት ቀን ድረስ ተማሪ የሚያስቀጣ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠይቄ አላውቅም፤ በአማርኛም ቢሆን «ገልብጠሃል ወይስ ራስህ ጻፍከው?» ነበር የምለው።

ያን ቀን ይቅርታ ከጠየቅሁት በኋላ «ለመሆኑ ያኔ አልገለበጥኩም ብለህ ለምን አልተከራከርከኝም?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ በቅኔ ቤቱ ልማድ መለሰልኝ።

«ነግሬዎት ነበር እኮ፣ የኔታ።»