ከይለፍ ቃል ወደ ይለፍ ቁልፍ፦ ሳይነገር የሚያስገባ ምስጢር

የኮምፒውተር የይለፍ ቃል ታሪክ ሲነገር የመጀመሪያው ሌባም አብሮ ይነሳል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ብዙ ተመራማሪዎች አንድን ውድ ኮምፒውተር የሚጋሩበት ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ሠሩ። የአንዱ ፋይል ከሌላው እንዲለይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ተሰጠው። ብዙም አልቆየ፤ በ1962 አለን ሼር የተባለ ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃ ቢለው የይለፍ ቃሎቹ ፋይል በሙሉ እንዲታተምለት ማሽኑን አዘዘ። ማሽኑም አተመለት። በ1966 ደግሞ ያው ፋይል በስህተት ከዕለቱ መልእክት ጋር ቦታ ተለዋወጠና፣ ወደ ሥርዓቱ የገባ ሁሉ የሌላውን ሰው ምስጢር ተመለከተ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ቀዳዳ ለመድፈን የተደረገ ጥረት ነው። በ1979 ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን የዩኒክስን ልምድ ይዘው፣ ቃሉ ራሱ ሳይሆን ወደ ኋላ የማይፈታ ቅይጡ እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ዘዴ በጽሑፍ አስረዱ። ይሁንና ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ሮክዩ የተባለ ኩባንያ 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃል እንዳለ አስቀምጦ ተዘረፈ። ከሁሉ በላይ የተደጋገመው «123456» ነበር።

ጥፋቱ በተጠቃሚው ላይ ተጫነ። በ2003 ቢል በር ለአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባዘጋጀው መመሪያ ትልልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት መቀላቀል፣ በየጊዜውም መቀየር ደንብ ሆነ። ሰውም መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 እየቀየረ ኖረ። በ2017 በር ራሱ ብዙውን ምክሩን እንደሚጸጸትበት ተናገረ፤ ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለወጠ።

ችግሩ ግን የሰው ስንፍና ብቻ አይደለም። የይለፍ ቃል የሚሠራው ለጠያቂው ሲነገር ነው፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ። ባንክ መስሎ የቀረበ የሐሰት ገጽ ቃሉን ይጠይቃል፣ ባለቤቱም ይነግረዋል። በአጭር መልእክት የሚላከው ኮድም ከዚህ አያመልጥም፤ «የደረሰህን ቁጥር ላክልኝ» በሚል አንድ መልእክት ብቻ የቴሌግራም አካውንቱን የተነጠቀ ብዙ ነው።

መፍትሔው በሐሳብ ደረጃ ከ1976 ጀምሮ ነበር። በዚያ ዓመት ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ጥንድ ቁልፍ የሚባለውን አሠራር አሳተሙ፤ አንዱ ቁልፍ ለሁሉም ይታያል፣ ሌላው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ዛሬ ፓስኪ ወይም የይለፍ ቁልፍ የሚባለው የዚህ ልጅ ነው። ድረ ገጹ የሚያውቀው የሚታየውን ብቻ ነው። ለመግባት ሲፈለግ አዲስ ጥያቄ ይልካል፤ ስልኩ ባለቤቱን በጣት አሻራ ወይም በፒን ያረጋግጥና በምስጢሩ ቁልፍ ይፈርምበታል። አሻራውም ቁልፉም ለድረ ገጹ አይላኩም። የገጹ ስም ካልተዛመደ ስልኩ አይፈርምምና የሐሰቱ ገጽ ባዶ እጁን ይቀራል። የፋይዶ ኅብረት ከ2012 ጀምሮ ሲገፋው የቆየው ይህ አሠራር በ2019 የድር ደረጃ ሆነ፤ በ2022 አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በአንድ ድምፅ ተቀበሉት።

እዚህ ላይ አዲሱ ጥያቄ ይመጣል፦ ምስጢሩ ካልተነገረ የት ተቀመጠ? አብዛኛውን ጊዜ በስልኩና ስልኩ በተያያዘበት የጉግል ወይም የአፕል አካውንት። ስለዚህ ያ አንድ አካውንት የቤቱ ሁሉ በር ሆኗል። ቁልፎችን ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው በደህና ለማሻገር የታሰበው የጋራ ደንብ ረቂቅ እንኳ የወጣው በ2024 ነው።

የተጠቃሚው ሥራም ከማስታወስ ወደ መጠበቅ ተሸጋግሯል። ለዋናው አካውንት ሁለተኛ መሣሪያ ማስመዝገብ፣ የመመለሻ ኮዱን በወረቀት ጽፎ ማኖር፣ የስልኩን ፒን ለማንም አለመስጠት፣ በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ቁልፍ አለመፍጠር፣ ስልክ ከመሸጥ በፊት ሁሉን አጥፍቶ ቁልፉን ከየአካውንቱ መሰረዝ ያስፈልጋል። አገልግሎት ሰጪዎችም የሚጠየቁት አለ። አዲሱን ቁልፍ ተቀብለው አሮጌውን የይለፍ ቃል በጓሮ በር ክፍት ካስቀመጡት፣ የ1962ቱ ቀዳዳ ዛሬም አልተደፈነም።