ሮታሪ፦ ሰላምን ከጤና፣ ከውኃና ከተፈጥሮ ጥበቃ ጋር ያስተሳሰረው የበጎ ፈቃድ ማኅበር

ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎች በአንድ ምንጭ ወይም በአንድ የግጦሽ መሬት ሲጋጩ የሀገር ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ያስታርቃሉ። ዕርቁ ደም እንዳይፈስ ያደርጋል፤ የነጠፈውን ምንጭ ግን አያጎለብትም፣ የተራቆተውንም መሬት ሣር አያለብሰውም። በጋው ሲበረታ ጠቡ ዳግም ሊያገረሽ ይችላል። ዘላቂ ሰላም የሚሻ ሁሉ ከዕርቁ ጎን ለጎን የውኃውንና የመሬቱን ጉዳይ ማንሳቱ የግድ ነው።

ሰላም ግንባታንና አካባቢ ጥበቃን በአንድነት ከሥራ ዘርፎቻቸው ካካተቱ ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ ማኅበራት አንዱ ሮታሪ ነው። ማኅበሩ እንዴት ተመሠረተ? እንዴትስ ይሠራል? ከተሞክሮውስ ምን መማር ይቻላል? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

አመሠራረቱ

ሮታሪ የተመሠረተው የካቲት ወር 1905 በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ነው። ጠንሳሹ ፖል ሃሪስ የተባለ የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ በልዩ ልዩ ሙያ የተሰማሩ ሦስት ሰዎችን ሰብስቦ የመጀመሪያውን ስብሰባ አካሄደ። አባላቱ በየተራ በአንዳቸው የሥራ ቦታ ይገናኙ ስለነበር “መዞር” የሚል ፍች ካለው ቃል ስያሜውን አገኘ። በጅምሩ የወዳጅነትና የሥራ ትውውቅ መድረክ የነበረው ክለብ ብዙም ሳይቆይ ፊቱን ወደ ማኅበረሰብ አገልግሎት መለሰ።

ለረጅም ዘመን የወንዶች ብቻ ሆኖ የቆየው ማኅበሩ በ1989 በመላው ዓለም ለሴቶች በሩን ከፍቷል። ዛሬ ከ200 በሚበልጡ ሀገራትና ግዛቶች 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል አባላት አሉት።

አሠራሩ

እያንዳንዱ ክለብ የራሱ አባላትና መሪዎች አሉት፤ ሊቀ መንበሩም በየዓመቱ ይቀየራል። ለትልልቅ ሥራዎች የሚውለው ገንዘብ የሚገኘው ከሮታሪ ፋውንዴሽን ነው። ይህ ፈንድ በ1917 በአርክ ክሉምፍ ሐሳብ አመንጭነት የተጠነሰሰ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መዋጮ 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር።

“ዓለም አቀፍ ድጋፍ” የሚባለውን ገንዘብ ለማግኘት ሥራው የሚከናወንበት ሀገር ክለብ ከሌላ ሀገር ክለብ ጋር መጣመር ይጠበቅበታል። የፕሮጀክቱ ጠቅላላ በጀትም ቢያንስ 30 ሺህ ዶላር መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ግን የማኅበረሰቡን ፍላጎት የሚያሳይ ጥናት አስቀድሞ መቅረብ ይኖርበታል። ይህ መስፈርት ከከተማ የመጣ ለጋሽ ለአርሶ አደሩ የሚበጀውን በራሱ ግምት ብቻ እንዳይወስን የሚያግድ ነው።

ድጋፍ የሚሰጥባቸው ዘርፎች ሰባት ናቸው፦ ሰላም ግንባታና ግጭት መከላከል፣ በሽታ መከላከል፣ ውኃና ንጽሕና፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ መሠረታዊ ትምህርት፣ የማኅበረሰብ ኢኮኖሚ ልማትና አካባቢ ጥበቃ።

ሰላም ሲባል

በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር በሳን ፍራንሲስኮ ሲጸድቅ የሮታሪ አባላት በአማካሪነትና በልዑካን አባልነት ተሳትፈዋል። በኋላም ማኅበሩ በዩኒቨርሲቲዎች የሰላም ማዕከላትን አቋቁሞ ከ2002 ጀምሮ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ያዘ፤ እስካሁን ከ1 ሺህ 500 በላይ ሰዎች በነጻ የትምህርት ዕድሉ ተጠቅመዋል። በአፍሪካ የመጀመሪያው ማዕከል በዩጋንዳ ማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ሲሆን፣ ሠልጣኞቹ በሥራ ላይ ያሉ፣ ልምድ ያካበቱ ባለሙያዎች ናቸው።

የሥልጠናው አንዱ መሠረት “አዎንታዊ ሰላም” የተሰኘው እሳቤ ነው። በዚህ እሳቤ መሠረት ሰላም የጥይት ድምፅ አለመሰማት ብቻ አይደለም። ሀብት በፍትሐዊነት ሲከፋፈል፣ መረጃ በነጻ ሲሰራጭ፣ ሙስና ሲቀንስ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ በመልካም ሲኖርና የሌላው መብት ሲከበር ሰላም ሥር ይሰድዳል።

ፖሊዮና የተኩስ ዝምታ

የማኅበሩ ትልቁ ሥራ የልጅነት ልምሻ የተባለውን ፖሊዮን ማጥፋት ነው። ዘመቻውን በ1985 በይፋ ጀመረ፤ በ1988 ደግሞ ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ተጣመረ። በዚያን ጊዜ ከ125 በሚበልጡ ሀገራት በዓመት 350 ሺህ ያህል ሕፃናት ሽባ ይሆኑ ነበር። ቁጥሩ ዛሬ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ዘመቻው ጤናና ሰላም የማይነጣጠሉ መሆናቸውንም አሳይቷል። በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ በነበረችው ኤል ሳልቫዶር በ1985 ተፋላሚዎቹ ሕፃናት እስኪከተቡ ድረስ ለተወሰኑ ቀናት ተኩስ አቁመዋል። በተቃራኒው የተፈጥሮው ቫይረስ እስካሁን ያልጠፋባቸው አፍጋኒስታንና ፓኪስታን፣ ግጭት ክትባቱን ለረጅም ጊዜ ያስተጓጎለባቸው ሀገራት ናቸው።

በኢትዮጵያ የተፈጥሮው ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2014 መጀመሪያ በሶማሌ ክልል ነው። በሲያትል የሚኖሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሮታሪ አባል ዕዝራ ተሾመ የአሜሪካ አባላትን እየመሩ ለክትባት ዘመቻ ወደ ሀገር ቤት በመመላለስ ይታወቃሉ። ሆኖም የተከተበው ሕዝብ ቁጥር ባነሰበት ቦታ ከክትባት የሚመነጭ የቫይረሱ ዝርያ ሊነሣ ስለሚችል ሥራው አልተጠናቀቀም።

ተፈጥሮን መጠበቅ

አካባቢ ጥበቃ ለማኅበሩ እንግዳ አይደለም። ብራዚላዊው ፓውሎ ኮስታ በ1990 የፕሬዚዳንትነቱን ኃላፊነት ሲረከቡ ዋነኛ አጀንዳቸው አድርገውት ነበር። በ2017 ደግሞ አውስትራሊያዊው ፕሬዚዳንት ኢያን ራይዝሊ እያንዳንዱ ክለብ በአባላቱ ቁጥር ልክ ዛፍ እንዲተክል ጥሪ አቀረቡ። ዘርፉ ራሱን ችሎ ድጋፍ ማግኘት የጀመረው ግን ከሐምሌ 2021 ወዲህ ነው።

የግብርና ባለሙያዎች እንደሚያውቁት የችግኝ ሥራ በተከላ ቀን አይለካም። ጉድጓዱ በወቅቱ ካልተቆፈረ፣ ዝርያው ለአፈሩና ለአየር ንብረቱ ካልተስማማ፣ ቦታው ከልቅ ግጦሽ ካልተጠበቀ በክረምት የተተከለው በበጋው ይደርቃል። የውኃ ተቋምም እንዲሁ ነው፤ የሚመራው ኮሚቴ፣ ለጥገና የሚውል መዋጮና መለዋወጫ ከሌለው ሪባን በተቆረጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ አገልግሎት ሊያቋርጥ ይችላል። ያኔ የሚጎዳው ጀሪካን ተሸክማ ወደ ሩቅ ወንዝ የምትመለሰው ሴት ናት።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

በሀገራችን የመጀመሪያው የሮታሪ ክለብ በ1955 በአዲስ አበባ ተመሥርቷል። የዚህ ዓይነት ክለቦች አባላት በአብዛኛው የከተማ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች በመሆናቸው ከገጠሩ ኑሮ የመራቅ ዕድላቸው ሰፊ ነው። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በገጠሩ ያለው የቆየ አደረጃጀት ነው። ዕድር ለቅሶ ደራሽ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ መሰብሰብን፣ ደንብ ማክበርንና በተራ ማገልገልን ያስተማረ ተቋም ነው። ደቦና ወንፈልም ጉልበትን የማስተባበር ጥበብ ናቸው።

ክለብ ገንዘብና ሙያ ሲያመጣ፣ ዕድሩ ጥበቃውንና ጥገናውን ሲረከብ፣ ሽማግሌዎች ደግሞ የውኃውንና የግጦሹን ተራ በስምምነት ሲደነግጉ ሥራው ባለቤት ያገኛል። የሁለቱ ቀበሌዎች ዕርቅም ከቃል አልፎ ሁለቱም ወገኖች በሚጠጡት ምንጭና በሚጠብቁት ተፋሰስ ላይ ይጸናል።