የተቆጣ አንጀት ታሪክ፦ «ምንም የለብህም» ከሚለው መልስ እስከ ፎድማፕ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ነገር ግን ሳይደብቁ ተናግረውትም ለብዙ ዘመን መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም አለ። ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፤ አንድ ሰሞን ያስቀምጣል፣ ሌላ ሰሞን ያደርቃል። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ደምና ሰገራ ይመረመራል፣ አንጀትም በመሣሪያ ይታያል፤ መልሱ ግን «ምንም የለብህም» ይሆናል። በሽተኛውም ጤነኛ መሆኑ በወረቀት ተጽፎለት ከነሕመሙ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ ሕመም በእንግሊዝኛው አጠራር ኢሪቴብል ባወል ሲንድሮም፣ ባጭሩ አይ.ቢ.ኤስ. ይባላል። በአማርኛ «የአንጀት መቆጣት» ብንለው ያስኬዳል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ «ጨጓራ ነው»፣ «አሜባ ነው»፣ «ብርድ ነው» እየተባለ ይታለፋል፤ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ኪኒንም ያለ ምርመራ ይዋጥለታል። ስለዚህም ሕክምናው ይህን ሕመም እንዴት ስም እንዳወጣለት፣ ኋላም ከምግብ ጋር እንዴት እንዳገናኘው ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስም ፍለጋ

በ1892 ዓ.ም. ዝነኛው ሐኪም ዊልያም ኦስለር ባሳተሙት የሕክምና መጽሐፍ ይህንኑ የመሰለ ሕመም «ሚዩከስ ኮላይቲስ» በሚል ስም ገልጸው፣ ከመንፈስ ጭንቀት ጋር አያይዘውት ነበር። «ሕመሙ ከአእምሮህ ነው» የሚለው አስተያየት ከዚያ በኋላም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከበሽተኞች ጀርባ አልወረደም።

በ1962 ዓ.ም. ሁለት የኦክስፎርድ ሐኪሞች፣ ቾውድሪና ትሩላቭ፣ የ130 ሕሙማንን ታሪክ አጥንተው ሕመሙ የራሱ መልክ ያለው መሆኑን አሳዩ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ማኒንግና ባልደረቦቻቸው ከእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ሕመሙ የሚለይባቸውን ምልክቶች ዘርዝረው አወጡ። ኋላም የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ተሰባስበው «የሮም መስፈርት» የተባለውን መመሪያ አዘጋጁ። በ2016 ዓ.ም. በታተመው አራተኛ እትም መሠረት፣ ላለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ያህል የሆድ ሕመም የነበረበት፣ ሕመሙም ከመጸዳዳት ጋር ወይም ከሰገራው ብዛትና መልክ መለወጥ ጋር የተያያዘበት ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ይታሰባል። እንግዲህ «ምንም የለብህም» የነበረው መልስ «ያለብህ ይህ ነው» ወደሚል የተለወጠው በዚህ ዓይነት ነው።

ከረሃብ የተገኘ ትምህርት

ምግብ አንጀትን ሊያሳምም እንደሚችል ከሁሉ በላይ ያስተማረው ግን የሌላ በሽታ ታሪክ ነው። ዊለም ዲኬ የተባሉት ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ሲሊያክ የተባለው የአንጀት በሽታ ያለባቸውን ልጆች ያክሙ ነበር። ስንዴ እንደሚጎዳቸው ከጦርነቱ በፊትም ጠርጥረዋል። ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ሆላንድ በጀርመን ወረራ ሥር ሆና ስትራብ ዳቦ ጠፋ፤ ዳቦው ተመልሶ ሲመጣም የልጆቹ ሕመም አብሮ አገረሸ። ዲኬ በ1950 ዓ.ም. ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ጥፋተኛው ስንዴና መሰሎቹ መሆናቸውን አስረዱ። በደለኛው ግሉተን የተባለው የእህል ፕሮቲን መሆኑም ታወቀ።

በ1960ዎቹ ደግሞ ብዙ ጎልማሶች በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር መፍጨት እንደሚሳናቸው ታወቀ። በ1982 ዓ.ም. የካምብሪጅ ሐኪሞች አንጀታቸው የተቆጣባቸውን 21 ሕሙማን ልዩ ልዩ ምግብ አስትተው መልሰው ቢያበሏቸው፣ በ14ቱ ላይ ሕመሙን የሚቀሰቅስ የተወሰነ ምግብ ተገኘ። ሆኖም የአንዱ ምግብ ከሌላው ይለያይ ስለነበር፣ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ምን እንደሆነ ገና አልተገለጠም።

የሜልበርን ግኝት

መልሱ የመጣው ከአውስትራልያ ነው። በሜልበርን ከተማ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሱ ሼፐርድና የአንጀት ሐኪሙ ፒተር ጊብሰን በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ «ፎድማፕ» የሚለውን ስም አስተዋወቁ። ጽሑፉ በመጀመሪያ ስለ ክሮንስ በሽታ የቀረበ መላ ምት ነበር፤ ስሙ የገነነው ግን በአንጀት መቆጣት ሕክምና ነው። ፎድማፕ የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ሲሆን፣ በትንሹ አንጀት በሚገባ ሳይመጠጡ የሚያልፉና በባክቴሪያ የሚብላሉ የስኳር ዓይነቶችን በአንድ ይጠራል። በስንዴ፣ በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ያለው ፍሩክታን፣ በባቄላና በሽምብራ ያለው ጋላክታን፣ በወተት ያለው ላክቶስ፣ በማርና በማንጎ የሚበዛው ፍሩክቶስ፣ እንዲሁም ስኳር የለሽ በሚባለው ማስቲካ የሚገባው ሶርቢቶል ከነዚህ ይቆጠራሉ።

እነዚህ ስኳሮች በትንሹ አንጀት ውኃ ይስባሉ፤ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርሱም ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ጋዝ ይፈጠራል። ሊጥ ሲቦካ ኩፍ እንደሚል ማለት ነው። ይህ በጤነኛውም ሰው ሆድ ውስጥ ይሆናል። ልዩነቱ የተቆጣ አንጀት ነርቭ ስስ በመሆኑ፣ ሌላው ሰው የማይሰማው መወጠር ለእርሱ ሕመም መሆኑ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሼፐርድና ባልደረቦቿ በ25 ሕሙማን ላይ ፈተና አደረጉ። ሕሙማኑ የሚጠጡት ምን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ፍሩክታን ከጠጡት ከመቶ 77ቱ ሕመማቸው መገታት ሲያቅተው፣ ተራ ግሉኮስ ከጠጡት ግን እንዲህ የሆኑት ከመቶ 14ቱ ብቻ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ30 ሕሙማን ምግቡን ራሳቸው አዘጋጅተው ሰጡ። ፎድማፕ ባነሰበት ምግብ የሕመሙ መጠን ከተለመደው የአውስትራልያ ምግብ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ወረደ።

ሁሉም ውጤት ግን እንዲህ የሚያስጨበጭብ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በስዊድን በ75 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ የፎድማፕ አመጋገብና የቆየው ምክር፣ ማለትም በሰዓቱና በመጠኑ መብላት፣ ቅባትና ቡና መቀነስ፣ ተቀራራቢ ውጤት አስገኝተዋል። ከሁለቱም ወገን የተሻላቸው ግማሽ ያህሉ ነበሩ።

ግሉተን ነው ወይስ ፍሩክታን?

ባለፉት ዓመታት «ግሉተን ተውኩና ዳንኩ» የሚለው ሰው በዝቷል። በ2018 ዓ.ም. በኖርዌይ ሲሊያክ የሌለባቸው፣ ነገር ግን ግሉተን የሸሹ 59 ሰዎች ሲፈተኑ የባሰ ያሳመማቸው ግሉተን ሳይሆን ፍሩክታን ሆኖ ተገኘ። ስንዴ ሁለቱንም ስለያዘ ስንዴን የተወ ሰው የተሻለው በየትኛው ምክንያት እንደሆነ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ሲሊያክ ያለበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከግሉተን መራቅ ሲኖርበት፣ አንጀቱ የተቆጣበት ግን ጥቂት ስንዴ ላይጎዳው ይችላል። የሲሊያክ ምርመራም ስንዴ ሳይተው በፊት መደረግ አለበት፤ ከተተወ በኋላ ምርመራው ሊያሳስት ይችላል።

ነገሩ በመሶቡ ላይ

ጤፍ ግሉተን የለውም። ይሁን እንጂ በስደት አገር የሚሸጥ እንጀራ ሁሉ የጤፍ ብቻ አይደለም፤ ስንዴና ገብስ የሚቀላቀልበት ብዙ ነው። ስለዚህ ከምን እንደተጋገረ መጠየቅ ነውር የለውም። ወጡ ደግሞ ከሥሩ ሽንኩርት ነው፤ በርበሬውም ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ። በጾም ወራት ሽሮው፣ ምስሩና ክኩ ሲደራረቡ የፎድማፙ መጠን ይጨምራል። በሁዳዴ ሆዱ የሚብስበት ሰው ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል እንጂ ጾሙ አይደለም።

መፍትሔውም መሶቡን መተው አይደለም። ፍሩክታን በውኃ እንጂ በዘይት ስለማይሟሟ፣ ነጭ ሽንኩርት እንደተላጠ በዘይት አቁላልቶ ማውጣት ጣዕሙን ያስቀራል። በቀይ ሽንኩርት ፈንታ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴው ቅጠል ይሆናል። ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ሩዝ፣ ዝንጅብልና እርድ ለአብዛኛው ሰው የሚስማሙ ናቸው። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል በራሳቸው ፎድማፕ የለባቸውም።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው

ይህ አመጋገብ የዕድሜ ልክ ጾም አይደለም። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይቀነሳል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ምግብ በየተራ ተመልሶ ይፈተናል፤ በመጨረሻም ያሳመመው ብቻ ይቀነሳል። ሁሉን ትቶ መቆየት ለአንጀት የሚበጁ ባክቴሪያዎችን እንደሚያሳንስ ጥናቶች አሳይተዋል። የአሜሪካ የአንጀትና የጨጓራ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የደገፈው ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ሙከራን ነው። ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል።

ሰገራው ደም ያለበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ደም ያነሰው፣ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚያስነሳ ተቅማጥ የያዘው፣ ወይም ሕመሙ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመረው ሰው ምግብ ከመለወጡ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ቋንቋ የሚቸግረው አስተርጓሚ ይጠይቅ። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅን ለአስተርጓሚነት ይዞ ሄዶ ስለ ሰገራ መናገር የሚያሳፍረው ወላጅ ዋናውን ነገር ሳይናገር ይመለሳልና።