ቤት ፍለጋ በአዲስ አበባ፤ ከሰፈር ጌታ እስከ ደላላ

የአዲስ አበባ የቤት ፍለጋ ታሪክ ከኪራይ ይቀድማል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ፣ በፍልውሃ አጠገብ ስትቆረቆር ቦታ የሚሸጥም የሚገዛም አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ መሩ። የተመራው ሹም ጉብታው ላይ ግቢውን አጥሮ ወታደሩን፣ አሽከሩንና ባለሙያውን በዙሪያው አሰፈረ። ሰፈር የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው፤ ጦር የሰፈረበት ማለት ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርም ሆነ ሠራተኛ ሰፈር ስማቸውን ያገኙት ከሰፈረው ሹም ወይም ከሰፈሩት ሰዎች ሥራ ነው። ለአዲስ መጤ ዋናው ጥያቄ “የማን ሰው ነህ?” የሚለው ነበር። ጌታ ያለው ጎጆ መቀለሻ ያገኛል፤ ጌታ የሌለው ጌታ ይፈልጋል።

ይህ አሰፋፈር ሁለት ነገር ትቶ አልፏል። አንደኛው ሀብታምና ድሃ ጎን ለጎን የሚኖሩበት ከተማ ነው፤ የትልቁ ግቢ አጥር የደሳሳው ጎጆ ግድግዳ ነበርና። ሁለተኛው፣ ቤት የሚገኘው በሰው በኩል ነው የሚለው ልማድ ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ አዋጆች ተደራርበዋል፣ ይህ ልማድ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከተማዋ መጀመሪያ ልትፈርስ የደረሰችው በእንጨት እጦት ነበር። በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለግንባታ ሲያልቅ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ያስቀራቸው ከውጭ የመጣውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ማገዶ ብቻ ሳይሆን ቤትም ሆነ፤ ባሕር ዛፍ ተተክሎ፣ በማገር ተማግሮ፣ ጭድ በተቦካ ጭቃ ተለስኖ፣ ኋላም ቆርቆሮ ሲለብስ የአዲስ አበባ መደበኛ ቤት ወጣው። ጭቃ ቤት ርካሽ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ይቆማል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ በተርታ አሥርም አሥራ አምስትም ክፍል ይሠራበታል። የኪራይ ቤት ንግድ የቆመው በዚህ ጥበብ ላይ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ግድም የከተማው ቦታ በግል ሊያዝ፣ ሊሸጥና ሊወረስ የሚችልበት ደንብ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሹሙ ዙሪያ ጥገኛ ቀስ በቀስ ተከራይ ሆነ። ለጌታው በአገልግሎት ይከፍል የነበረው በጥሬ ብር መክፈል ጀመረ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አገልጋይ ከጌታው ጋር ቢጣላም ዘመድና አማላጅ ነበረው፤ ተከራይ ግን ወር ሲሞላ ብሩ ብቻ ነው የሚያማልደው።

የጣሊያን ወረራ አምስት ዓመት ብቻ ቢቆይም የከተማዋን ካርታ እስከ ዛሬ በሚታይ መልክ ለውጦታል። ወራሪው የነጩንና የሐበሻውን መኖሪያ ለመለየት አቀደ፤ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ በዚህ ተወለደ። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ተቋም በምሥራቅ በኩል ቤቶች አቆመ። የተቋሙ ምሕጻር ኢንቺስ ነበር፤ ቤቶቹ “ካዛ ኢንቺስ” ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው ካዛንችስ አለው። በሌላ ወገን ለሠራተኛው መደብ የታሰቡት ቤቶች ፖፖላሬ የሚለውን ስም አስቀሩ። እንግዲህ ሁለቱ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከቤት ፕሮግራም ነው ማለት ይቻላል፤ የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ግን ኢትዮጵያውያን አልነበሩም።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚፈልሰው ሰው በዛ። በ1953 ዓ.ም. ግድም የተደረገ ቆጠራ በከተማዋ ወደ 444 ሺህ ሰው አገኘ። መሬቱ ግን በጥቂት ቤተሰቦች፣ በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት እጅ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ደላላን ስሙን ጠርቶ ከነጋዴዎች ተርታ አስገብቶታል። በወረቀት ላይ ገበያው ዘመናዊ ሆነ። በግቢው ውስጥ ግን ውል የሚባለው የቃል ነበር፤ የውሃ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ ማጀቱ አንዳንዴ የጋራ፤ የበሩን መዝጊያ ሰዓት የሚወስኑትም አከራይዋ እትዬ ነበሩ።

በዚህ ላይ ነበር የ1967ቱ አዋጅ የወረደው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በአንድ ቀን ሕግ የከተማውን ባለቤትነት ገለበጠው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም፤ ትርፉ ተወረሰ። ቦታ ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ብቻ። ቤት ማከራየት የግለሰብ ሥራ መሆኑ ቀረ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ትናንት በአከራዩ ፊት አንገቱን ደፍቶ ይገባ የነበረው ሰው ዛሬ አከራዩን ጎረቤቱ ሆኖ አገኘው።

የአዋጁ ፍትሕ በዚያን ጊዜ ላየው ተከራይ አጠያያቂ አልነበረም። የዘገየው ዕዳው ነው። አምስት ብርና አሥር ብር ኪራይ የሚከፈልበት ቤት ጣራው ሲቀደድ የሚጠግንለት የለም፤ ቀበሌው ገንዘብ የለውም፣ ነዋሪው የእኔ አይደለም ይላል። አዲስ ቤት በበቂ አልተሠራም። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤትና ቁጠባ ባንክ ለማኅበራት ብድር ሰጠ፤ የቤት ሠሪ ማኅበር አባል ለመሆን ግን ደመወዝ ያስፈልግ ነበር። ቤት ፈላጊው ጌታውን በቀበሌ ሊቀመንበር ተካው። የቀበሌ ቤት የነበረው ሰው ቤቱን አይለቅም፤ ልጁ ሲያገባ ጓሮው ላይ ይቀጥላል፣ ሲቸግረውም በስውር ደባል ያስገባል። ደባል የዘመኑ ቁልፍ ቃል ነው፤ በሰው ቤት፣ በመጋረጃ በተከፈለ አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር ሰው።

በ1976 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ የከተማዋን ሕዝብ ወደ 1.4 ሚሊዮን፣ በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው ከ2.1 ሚሊዮን በላይ፣ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ከ2.7 ሚሊዮን በላይ አደረሰው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ቤት ማከራየት ዳግመኛ ሕጋዊ ኑሮ ሆነ፤ መሬት ግን ወደ ግል አልተመለሰም። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ፤ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ፣ በ1994 እና በ2004 ተተካ። በሊዝ ጨረታ ቦታ የሚያገኘው ገንዘብ ያለው ነው። የሌለው ወይ በዳርቻው የጨረቃ ቤት ይሠራል፣ ወይ ቦታ ካለው ሰው ጓሮ ይገባል። የጨረቃ ቤት የተባለው ማታ በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ ጠዋት ቆሞ ስለሚገኝ ነው፤ ለማፍረስ የሚመጣውን ሹም ሰው የሚኖርበት ቤት ይጠብቀዋል።

በሕጋዊው ግቢ ውስጥ ደግሞ ሰርቪስ ነገሠ። ቪላ የሠራ ሰው ለሠራተኛ መኖሪያና ለማዕድ ቤት ከኋላ በኩል ያቆማት ተርታ ክፍል የከተማዋን መምህር፣ ነርስና የባንክ ጸሐፊ ማስተናገጃ ሆነች። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ የቤት ፍለጋ ወግ ሙሉ መልኩን ያዘ። ደላላው ሱቅ አጠገብ ቆሞ ይገኛል፤ መጀመሪያ የሚያሳየው ራሱም የማይወደውን ቤት ነው፣ ሁለተኛው እንዲያምር። አከራይዋ በሩን ከፍታ የምትጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? የት ነው ሥራ? ወንደላጤ ብዙ ጊዜ ከደጅ ይመለሳል፤ ሴተ ላጤም ሌላ ዓይነት ጥርጣሬ ይጠብቃታል። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ እንጀራ መጋገር ይከለከላል፤ ምጣዱ መብራት ይበላል ይባላል። እንጀራ የማይጋገርበትን ቤት ቤት ማለት ይከብዳል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን በዚህ ውል ገብተዋል። ፈላጊው በበኩሉ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ መጠየቅ ካልረሳ ልምድ ያለው ነው።

ደላላ የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ሥራው በገበያው የኖረ ቢሆንም ቤቱ ሲወደድ ደላላውም ገነነ። ከሽያጭ ሁለት በመቶ መቀበል የተለመደ ሆነ፤ ከኪራይም የራሱን ይቆርጣል፣ ከሁለቱም ወገን። ደላላውን መውቀስ ቀላል ነው፤ እርሱ ግን ዋጋ በይፋ የማይነገርበት፣ ቤት በጋዜጣ የማይወጣበት ከተማ ልጅ ነው። የከፋው ሌላ ነው፤ ዕቃ በመኪና ሲመጣ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች መኪናውን ከበው የሚጠይቁት ዋጋ አንዳንዴ ከጉዞው ይበልጣል፤ በራስ ዘመድ ማውረድም ጠብ ያስነሣል። ቦሌ አካባቢ ደግሞ ለዲፕሎማትና ለዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ የሚከራየው ቤት ዋጋው በዶላር ይነገር ጀመር፤ ከአሜሪካና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላከው ገንዘብም የቤት መግዣውን ሰቀለው። በብር ደመወዝ የሚኖረው ሰው ከዚያ ሰፈር እየራቀ ሄደ።

መንግሥት በ1996 ዓ.ም. ግድም ኮንዶሚኒየም የሚባል መልስ ይዞ መጣ። የሙከራው ሕንፃዎች ገርጂ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ጎተራ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ እያለ ዳርቻውን ዞረ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስገባ፤ በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚሉ መደቦች እንደገና ተመዘገበ። የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚቆጥበው መቶኛ፣ ሁለተኛው ባንኩ የሚያበድረው ነው። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ቤት ፍለጋ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከሊቀመንበር ደጅ ወደ ዕጣ ተራ ዞረ፤ ብዙ ሰው እየቆጠበ፣ እየተከራየ፣ ልጅ እያሳደገ ከ15 ዓመት በላይ ጠበቀ። ከደረሳቸውም ብዙዎቹ ወርሃዊውን የባንክ ዕዳ ለመክፈል ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ቤት ፈለጉ። ዕጣውም ቢሆን ከጥርጣሬ አልዳነም፤ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ።

ከ1967 ወዲህ ተረስቶ የነበረው የኪራይ ቁጥጥር ሐሳብ በዚህ መካከል ተመለሰ። የከተማው አስተዳደር በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አከራዮች ዋጋ እንዳይጨምሩና ተከራይ እንዳያስወጡ ለጊዜው ከልክሎ እገዳውን ደጋግሞ አራዘመ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ይሁን ይላል። የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ሲጠየቅ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ አዋጁ የሚጠብቀው ቤት የያዘውን መሆኑ ነው፤ ገና የሚፈልገው ሰው ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሚጠየቀውን ዋጋ ራሱ ይጋፈጣል፤ አከራዩም የሁለት ዓመቱን ጭማሪ ከወዲሁ አስልቶ ሊጠራ ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር የመንገድ ዳር ሰፈሮችን እያፈረሰ የሚገነባበት የኮሪደር ልማት ካዛንችስ ደረሰ። ለጣሊያን ሠራተኞች የተሠራው፣ በኋላ የቀበሌና የኪራይ ቤቶች የሆነው፣ ከዚያም በየጓሮው ሰርቪስ የበቀለበት ሰፈር ፈረሰ። ባለ ይዞታዎችና የመንግሥት ቤት ተከራዮች ምትክ ቦታና ቤት ተሰጣቸው፤ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። በግለሰብ ግቢ ተከራይቶ የኖረው ግን ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ደላላው ተመለሰ።