ኤደንብራ የአንጀት ሕሙማኗን እንዴት ቆጠረች?

አይ.ቢ.ዲ የሚባለው የአንጀት ሕመም ሁለት ዋና ዓይነት አለው፤ ክሮንስ እና አልሰራቲቭ ኮላይተስ። ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፣ አንጀትን እያቆሰለ ዕድሜ ልክ ይቆያል።

በአንድ ከተማ ስንት ሰው እንዳለበት ማወቅ ቀላል አይደለም። ሆስፒታል የተኛውን ብቻ ብትቆጥሩ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ሥራ የሚውለው ይቀራል።

ስኮትላንድ ውስጥ ኤደንብራን በያዘው የሎዚያን አካባቢ እንዲህ ተቆጠረ፦

🔹 ከሆስፒታል፣ ከናሙና ምርመራ፣ ከመድኃኒት ማዘዣና ከሕፃናት መዝገብ 24,601 ተጠርጣሪ ተለቀመ።
🔹 ፋይላቸው ሲጣራ ሕመሙ የተረጋገጠው 10,499 ላይ ነው።
🔹 እ.ኤ.አ ኦገስት 31 ቀን 2018 ከ100,000 ሰው 784ቱ ሕመሙ ነበረባቸው።
🔹 ከመዝገብ ያመለጡ 427 ሰዎች እንዳሉም ተገመተ፤ ሲደመሩ ቁጥሩ 832 ደረሰ።

ያመለጠው በምን ይታወቃል? ሁለት መዝገብ ላይ በጋራ የሚገኘው ስም ብዙ ከሆነ ያመለጠው ጥቂት ነው። የጋራው ካነሰ ግን ከሁለቱም ውጪ የቀረ ብዙ ሰው አለ ማለት ነው።

ሕመሙ ፈጽሞ አይድንም፣ ቶሎም አይገድልም። ስለዚህ አዲሱ በነባሩ ላይ ይደመራል። አጥኚዎቹ በ2028 ከ100 ሰው 1 ሰው ገደማ እንደሚኖርበት ተንብየዋል።

ለኛስ? ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቶሎ "አሜባ ነው" ይባላል፤ ክሮንስም ከአንጀት ቲቢ ጋር ይመሳሰላል። ያልተቆጠረ ሕመም ደግሞ በጀትም መድኃኒትም አይያዝለትም። ደም ያለው ተቅማጥ ለሳምንታት ከቆየባችሁ ወይ እየሄደ ከተመለሰ፣ ያንኑ መድኃኒት ከመደጋገም "ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገኛል ወይ?" ብላችሁ ሐኪም ጠይቁ።