በእንግሊዝኛ ምክንያትን ስለሚያመለክቱ አገባቦች

የቅኔ ቤት ተማሪ እስመንና አምጣነን ከዐበይት አገባብ ጋራ ይማራል፤ እንግሊዝኛ የሚማር ግን ቢኮዝ የምትለውን ቃል «ስለ» ናት ሲባል ይቀበላታል እንጂ ከወዴት እንደ መጣች አይጠይቅም።

የጥንት እንግሊዞች ፎር ከሚለው ቃል የሚነሣ የራሳቸው አገባብ ነበራቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም አገራቸውን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ ግን የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ከላቲን የተወለደው ኮዝ፥ ይኸውም ምክንያት ማለት ነው፥ በዚህ በር ገባ፤ በ14ኛውም መቶ ዓመት ባይ ከሚለው ከአገሬው ቃል ጋራ ተጋጥሞ ቢኮዝ ሆነ፤ «በምክንያት» እንደ ማለት። በ1362 ዓ.ም. ሙግት በእንግሊዝኛ እንዲነገር ሲታወጅ ምክንያቱ ሕዝቡ ፈረንሳይኛ አለማወቁ እንደ ሆነ በዐዋጁ ተጽፏል፤ የሚያስቀው ግን ዐዋጁ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው።

ነገሩን አስቀድሞ ምክንያቱን ማስከተል፥ «ቀረሁ፤ ዘንሞ ነበረና» እንደ ማለት፥ ልማዳቸው ነው። ምክንያቱ ከቀደመ ውጤቱን በሶ ያስከትላሉ።

ተርጓሚን የምታስተው ሲንስ ናት። የጥንት ፍቺዋ «ከዚያ ወዲህ» ነበረ፤ የሰው ልብ የቀደመውን ሁሉ ምክንያት አድርጎ ስለሚያስብ ጊዜን ሳትለቅ ምክንያትም ሆነች። አምጣነስ ከመጠን ወጥቶ ምክንያት ሆኖ የለምን? እንግዴህ ምስክር ቀርቦ «ከጌታው ጋራ ሲንስ ተጣላ ከቤቱ አልገባም» የሚል ቃል ቢሰጥ፥ «ከተጣላ ወዲህ» ብሎ የተረጐመ ቀኑን ብቻ ይቈጥራል፤ «ስለ ተጣላ» ያለ ግን በሰውየው ላይ ቂም ይመሰክርበታል።