ከወቅፍ እስከ ድጎማ፦ የግብጽ ሕዝብ ድምፅና የገንዘቡ ምንጭ

በአረብ አገሮች ስለ ምርጫ፣ ስለ ሹራና ስለ ሕዝብ ተሳትፎ በተወራ ቁጥር ሳይነሣ የማያልፍ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «የውጭ ገንዘብ» የሚባለው ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከብራስልስ ለአንድ ትንሽ ማኅበር የሚላክ፣ መራጮችን የሚያስተምር ጽሑፍ ለማሳተም ወይም የምርጫ ታዛቢዎችን ለማሠልጠን የሚውል አነስተኛ ድጎማ ነው። አንዳንዱ ይህን ገንዘብ የነጻነት ዘር አድርጎ ያየዋል፤ ሌላው የባዕዳን ወጥመድ ይለዋል። ሁለቱም ወገኖች ብዙ ጊዜ የማያነሡት ጥያቄ ግን አለ። ይህ ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ሕዝቡ የጋራ ጉዳዩን ያንቀሳቅስ የነበረው በምን ነበር? ያ የነበረውስ የት ደረሰ?

ይህን ለመመለስ የአንዲት ከተማን፣ የካይሮን ታሪክ መለስ ብለን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወቅፍ ዳቦ

ወቅፍ ምን እንደሆነ ለአንባቢያን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ዑመር ኢብን አል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸይበር የደረሳቸውን ውድ መሬት ምን እንደሚያደርጉት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባማከሩ ጊዜ፣ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍና እንዳይወረስ ተደርጎ ፍሬው ለድኻው፣ ለእንግዳውና ለመንገደኛው እንዲውል መመራታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ከዚህ ዘር የበቀለው ዛፍ ከመስጊድ አልፎ መድረሳ፣ ሐኪም ቤት፣ የመጠጥ ውኃ ማደያና የመንገደኛ ማረፊያ ሆነ።

የወቅፍ ጥቅሙ በገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ አሠራሩም ትልቅ ትምህርት አለው። ሰጪው ፍላጎቱን በሰነድ ያሰፍራል፤ ናዚር የሚባል አስተዳዳሪ ይሾማል፤ ቃዲው ይቆጣጠራል። ሰጪው ቢሞትም ሰነዱ ይኖራል። እርግጥ ነው፣ ገዢዎች በየዘመኑ በወቅፍ ላይ እጃቸውን ዘርግተዋል፤ አደራ የበሉ ናዚሮችም አልጠፉም። ይሁን እንጂ መሠረቱ ግልጽ ነበር። ገንዘቡ የገዢው አልነበረም።

በአል አዝሃር ተማሪዎች እንደየአገራቸው ሪዋቅ በሚባሉ ክፍሎች ተለይተው ይኖሩ ነበር። ከእኛው አካባቢ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ለሄዱት ደግሞ የጀበርት ሪዋቅ ነበራቸው። የተማሪው የዕለት ዳቦ የሚሰፈረው ከወቅፍ ገቢ ነበር። በ1753 በካይሮ የተወለዱት ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ሲሆኑ፣ አባቶቻቸው የሪዋቁ ሸይኾች ነበሩ። ቀጥሎ የምንተርከውን ታሪክ በዐይናቸው አይተው የጻፉልን እርሳቸው ናቸው።

ገዢ የሾመ ሕዝብ

በ1805 የካይሮ ሕዝብ በግብርና በወታደሮች ዘረፋ ተማሮ ነበር። በሜይ ወር ዑለማዎችና የከተማው ታላላቆች ተሰብስበው የዑስማኒያውን አገረ ገዢ ኹርሺድ ፓሻን መሻራቸውን አስታወቁ። በምትኩም በፍትሕ እንዲያስተዳድርና ያለ እነርሱ ምክር እንዳይሠራ ቃል አስገብተው ሙሐመድ ዐሊን ሾሙ። የሹመቱን ካባ ያለበሱት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘሮች አለቃ የነበሩት ሰይድ ዑመር መክረምና የአል አዝሃሩ ሸይኽ ዐብደላህ አል ሸርቃዊ ነበሩ።

ኹርሺድ ግን በገበሬዎች ትእዛዝ አልወርድም ብሎ በተራራው ምሽግ ውስጥ ተቀመጠ። ሕዝቡም ከበበው። ከመሪዎቹ አንዱ የአትክልት ሻጮች አለቃ የነበረው ሐጃጅ አል ኹደሪ ነበር። ድኻው ልብሱን እየሸጠ መሣሪያ ይገዛ እንደነበር ተጽፏል። በመጨረሻም ኢስታንቡል የሕዝቡን ምርጫ ለመቀበል ተገደደች። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የላከ የውጭ አገር አልነበረም፤ ከገዢው ግምጃ ቤትም የወጣ ነገር የለም። የከተማዋ ሰው በራሱ ኪስ፣ ዑለማዎቹም በወቅፍ ዳቦ ቆመው ያደረጉት ነው።

ሙሐመድ ዐሊ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እርሱን ከፍ ያደረገው ክንድ ሊያወርደውም እንደሚችል ስለተረዳ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በ1809 ከግብር ነጻ በነበሩት የወቅፍ መሬቶች ላይ ግብር ጣለ፤ ሰነዶቻቸውንም ማስመርመር ጀመረ። ዑመር መክረም ተቃወሙ። አንዳንድ ሸይኾች ግን ከገዢው ጋር ወገኑ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ዑመር መክረም ወደ ደምያጥ ተጋዙ፤ በእጃቸው የነበረው የወቅፍ አስተዳደርም እርሳቸውን ለተቃወሙት ተላልፎ ተሰጠ። አል ጀበርቲ ይህን የመዘገቡት በምሬት ነው።

በተከታዮቹ ዓመታት ገዢው የእርሻ ወቅፎችን ወደ መንግሥት ጠቀለለ፤ ለመስጊዶችና ለዑለማዎች በምትኩ የሚቆረጥላቸው ከመንግሥት ካዝና ሆነ። ዳቦው አልቀረም፤ የሚሰፍረው እጅ ግን ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ዑለማዎቹ በአንድ ድምፅ ገዢ ሲሽሩ አልታየም።

ማኅበራት ተነሡ፣ ማኅበራት ታሰሩ

ይህ ማለት ግን ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ማለት አይደለም። በ1892 የእስልምና በጎ አድራጎት ማኅበር በካይሮ ተቋቋመ፤ ሸይኽ ሙሐመድ ዐብዱህ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በ1908 በሕዝብ መዋጮ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ልዕልት ፋጢማ ኢስማዒል ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ከ600 ፈዳን በላይ የእርሻ መሬት ወቅፍ አደረጉ፤ ለሕንፃው ሥራም ጌጣቸውን ሰጡ። ዛሬ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚታወቀው ይኸው ነው። በ1925 ወደ መንግሥት ተዛወረ።

ከ1952ቱ የመኮንኖች አብዮት በኋላ የተወሰዱት እርምጃዎች ግን ሥሩን የነኩ ነበሩ። በዚያው ዓመት የቤተሰብ ወቅፍ በአዋጅ ቀረ። በ1953 የበጎ አድራጎት ወቅፎች አስተዳደር በአውቃፍ ሚኒስቴር እጅ ገባ፤ ሚኒስቴሩም የወቅፉን ዓላማ ለመለወጥ ሥልጣን ተሰጠው። በ1964 የወጣው ቁጥር 32 ሕግ ደግሞ ማኅበራትን የመመዝገብ፣ የመቆጣጠርና የመበተን ሥልጣን ለመንግሥት ሰጠ። በመሆኑም ሕዝቡ ከመንግሥት ፈቃድ ውጭ ለጋራ ጉዳዩ የሚያውለው የራሱ ቋሚ ሀብት እየመነመነ ሄደ።

የመሬት መንቀጥቀጡና አዋጁ

ኦክቶበር 12 ቀን 1992 ካይሮ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ቤት አልባ ሆኑ። የመንግሥት ሠራተኞች ገና ሲንቀሳቀሱ የሐኪሞችና የመሐንዲሶች ማኅበራት እንዲሁም በየመስጊዱ ዙሪያ የተሰባሰቡ በጎ አድራጊዎች ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ምግብ ይዘው ደረሱ። ይህን ያየ አገዛዝ ምን ያደርጋል ተብሎ ይጠበቃል? ማመስገን አልነበረምን? መንግሥት ግን በዚያው ዓመት ወታደራዊ አዋጅ ቁጥር 4ን አወጣ። አዋጁ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብንና ከውጭ ገንዘብ መቀበልን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ።

ውድ አንባቢያን ይህን ልብ ይበሉ። ለተፈናቃይ የሚሰበሰብ ሰደቃና ከውጭ የሚመጣ ድጎማ በአንድ ገመድ ታሰሩ።

ከስምንት ዓመት በኋላ ገመዱ በሌላ ሰው አንገት ላይ ገባ። ዶክተር ሰዕድ አል ዲን ኢብራሂም በካይሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጥናት መምህርና በ1988 የተቋቋመው የኢብን ኸልዱን ማዕከል መሥራች ነበሩ። ማዕከሉ በ1995 በተካሄደው የፓርላማ ምርጫ ከታዛቢዎቹ አንዱ ነበር። በ2000 ለሚደረገው ምርጫም ከአውሮፓ ኅብረት ባገኘው ድጎማ ሰዎች ድምፅ እንዲሰጡ የሚቀሰቅስ ፊልም ያዘጋጅ ነበር። በጁን 30 ቀን 2000 ታሰሩ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ያለ ፈቃድ የውጭ ገንዘብ መቀበል ሲሆን የተጠቀሰውም ያ የ1992 አዋጅ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትን ገንዘብ አጭበርብረዋል ተብለውም ተከሰሱ፤ ኅብረቱ ራሱ ግን ሒሳቡ ተመርምሮ ማጭበርበር እንዳልተገኘ ገለጸ። በ2001 ሰባት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ተሽሮ በ2002 እንደገና ሰባት ዓመት ተፈረደባቸው። በማርች 2003 የሰበር ችሎቱ ነጻ ለቀቃቸው። ከእስር የወጡት ጤናቸው ተጎድቶ ነው።

በሐሳባቸው የማይስማማ ሙስሊም ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂ ብርድ ልብስ ያሰባሰበው የሰፈር ሰውና ፊልም ያዘጋጁት ፕሮፌሰር በአንድ አዋጅ ሥር ቆመዋል። ዛሬ ሌላውን የሚያስረውን ሕግ ያጨበጨበለት ነገ በር ሲንኳኳበት የሚጠራው ምስክር ያጣል።

የሰጪው እጅ

እስካሁን ስለ ከልካዩ ተናገርን። ስለ ሰጪውም እውነቱን መናገር ይገባል። በዲሴምበር 2002 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓውል በመካከለኛው ምሥራቅ ትምህርትን፣ ኢኮኖሚንና የሕዝብ ተሳትፎን ይደግፋል የተባለ ፕሮግራም በ29 ሚሊዮን ዶላር መጀመሩን አስታወቁ። ከሥራዎቹ አንዱ ለአገር ውስጥ ማኅበራት አነስተኛ ድጎማ መስጠት ነበር። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ የዚያው መንግሥት ጦር ኢራቅ ገባ። ባግዳድ ስትደበደብ እያየ፣ ከዚያው አገር የመጣ የዴሞክራሲ ድጎማ በጥርጣሬ ያላየ የአረብ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ደግሞም ያው አሜሪካ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለግብጽ መንግሥት በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወታደራዊ እርዳታ ትመድብ ነበር። ለጦሩ የሚመጣው ቢሊዮን እርዳታ ተባለ፤ ለማኅበሩ የሚመጣው ሺህ ክህደት ተባለ። በጉዳዩ የውጭ ገንዘብነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ እንዲህ ባልተዛባ ነበር።

ከ2011ዱ አብዮት በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 29 ቀን የጸጥታ ኃይሎች የአገር ውስጥና የውጭ ድርጅቶችን 17 ቢሮዎች ፈተሹ። በጁን 2013 የውጭ ድርጅቶች ሠራተኞች የሆኑ 43 ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ከእነርሱ አብዛኞቹ በ2018 በድጋሚ ችሎት ነጻ ተባሉ። በግብጻውያኑ ማኅበራት ላይ የተከፈተው ምርመራ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ፤ ብዙዎችም ከአገር እንዳይወጡ ታገዱ፣ ንብረታቸውም ተያዘ። ፋይሉ የተዘጋው በ2024 ነው።

ሌላ መንገድም ነበር። ቱኒዚያ በሴፕቴምበር 2011 ባወጣችው ቁጥር 88 ድንጋጌ ማኅበር ለማቋቋም ማስታወቅ ብቻ በቂ ሆነ። ከውጭ ገንዘብ የተቀበለ ማኅበር ደግሞ መጠኑንና ምንጩን በአንድ ወር ውስጥ በጋዜጣ እንዲያወጣ ታዘዘ። ይኸውም በፈቃድ ፈንታ ግልጽነት ማለት ነው። በ2013 አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ግጭት ልታመራ ስትል አራት የአገር ውስጥ ድርጅቶች ፓርቲዎቹን አቀራርበው አስማሙ፤ ለዚህም በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ከአራቱ ጎልቶ የታየው በ1946 የተመሠረተው የሠራተኞች ማኅበር ነበር። ጉልበቱ ከየት መጣ? ከአባላቱ ብዛትና ከሚከፍሉት መዋጮ ነው። ከ2021 ወዲህ በቱኒዚያም ሜዳው ጠቧል፤ ጥሩ ሕግ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ይህም ያሳያል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በጃንዋሪ 2025 አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥራቸውን በጀመሩበት ዕለት የውጭ እርዳታ እንዲቆም አዘዙ። የአገሪቱ የተራድኦ ድርጅትም በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን የእርዳታ ሥራውን በይፋ አቆመ። በዚህ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ማኅበራት ከአንድ ፊርማ በኋላ ሥራቸውን አቆሙ። ከሳሾቻቸው ለዓመታት ሲዘጉት የነበረውን በር ሰጪው ራሱ በአንድ ቀን ዘጋው።

አባቶቻችን በሰው ወርቅ አይደመቅም ያሉት ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ከውጭ የመጣ ድጎማ ሁሉ ሐራም ነው፣ ተቀባዩም ከሐዲ ነው ማለት አይደለም። መራጭ መብቱን እንዲያውቅ ያስተማረ ሥራ መልካም ሥራ ነው፤ ሒሳቡን በግልጽ ያቀረበ ማኅበርም ሊከበር ይገባል። ችግሩ ሌላ ነው። ሕዝብ የራሱ ቋሚ ሀብት ከሌለው ድምፁ በሁለት ቁልፎች መካከል ይቀራል። አንዱ ቁልፍ በገዢው፣ ሁለተኛው በባዕድ ሰጪ እጅ ነው። ሁለቱም ሳያማክሩት ሊቆልፉበት ይችላሉ።

ሦስተኛውን ቁልፍ የካይሮ ታሪክ አሳይቶናል። በሰነድ የተጻፈ፣ አስተዳዳሪው የታወቀ፣ ሒሳቡ የሚመረመርና የብዙ ሰዎች ትንንሽ መዋጮ የሚገባበት የጋራ ሀብት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድ ሀብታም የሚሰጠው ብዙ ገንዘብ ከሀብታሙ ጋር ሊሄድ ይችላል፤ ሺህ ቤተሰብ በየወሩ የሚያዋጣው ጥቂት ሳንቲም ግን በአንድ ፊርማ አይቆምም።

እንግዲህ የመድረሳው፣ የእድሩ ወይም የማኅበሩ መዋጮ ሰብሳቢ በራችንን ሲያንኳኳ ሁለት ነገር ከእኛ ይጠበቃል። አንደኛው መክፈል ነው። ሁለተኛው ደረሰኙን ተቀብሎ ያለፈው ዓመት ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ መጠየቅ ነው። ልጆቻችንም ሁለቱን አብረው ቢያዩ መልካም ነው፤ መስጠትንና መጠየቅን። በጀበርት ሪዋቅ ይሰፈር የነበረው ዳቦ ከዕለት ወደ ዕለት የደረሰው አንድ ሰው ስለ ሰጠ ብቻ ሳይሆን ሌላው አደራውን ስለ ጠበቀ ነውና። ወላሁ አዕለም።